የፊት ወንበር

ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ካርታው ተዘርግቶ፣
የዳቦ ፍርፋሪ ጥግ ላይ ተገፍቶ፣
ስንሻው በቀይ እርሳስ መስመር ያሰምራል፤
ከአውግስቡርግ እስከ ሮቪኝ ሰዓት ይደምራል።
ስልኩ ሰባት አለ። እሱ ዘጠኝ ይላል፦
«የባሮክን ሽንት ስልኩ የት ያውቀዋል?»

ለኦስትርያ አንድ ስቲከር፣ ለስሎቬንያ ሌላ፣
የዋሻው ለብቻ፤
ገና ሳንነሣ ገንዘቡ ተበላ።

ረድኤት ዐሥራ አራት ናት፤ ባሕሩ ግድ አይሰጣት፤
«ቤቱ ዋይፋይ አለው?» ሌላ ሐሳብ አልመጣት።
ባሮክ የላስቲክ አዞ ነፍቶ ነፍቶ ደክሞ፣
«ቀበቶ ይታሰርለት» ይላል መሃል ቆሞ።
እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፦ ፎጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣
የአባባ ኪኒኖች፣ ማታ ሁለት፣ አንድ ጠዋት፤
ዳሩ ድንጋይ ነው አሉ፣ የውሃ ጫማ ለየሰው።

አባባ ጥግ ይዞ ሻዩን ያማስላል።
ኮምቦልቻ ላይ «ሹፌር አበጋዝ» ሲባል
ስንቱ ሆቴል በሩን ይከፍትለት የነበረ፣
ሃያ ሁለት ዓመት አሰብ የተመላለሰ ሰው፣
መንገድን ከስልክ ሲሰማ ምን ይላል?
ምንም። ሻዩን ያማስላል።

ከዚያ ድንገት፦ «ታወርን ያላችሁት፣ ዳገት ነው ቁልቁለት?»
«ዋሻ ነው፣ አባባ። ተራራውን በሆዱ ነው የምናልፍበት።»
«እንዴ! ታዲያ ምኑን ነዳችሁት?»

ሣቅን። እሱ አልሣቀም። ጣቱን ካርታው ላይ አኖረ፣
ጥፍሩ ሥር የዱሮው ግራሶ ያለ ይመስል ነበረ፤
ሚሌን፣ ዲቾቶን፣ ኤሊዳርን ቆጠረ፣
ቡሬን፣ ማንዳን…
አሰብ ላይ ሲደርስ ጣቱ እዚያው ቀረ።

«ኤንትሬ ነበረች የኔ፣ ከነተሳቢዋ፤
እሳት ነው ጋቢናዋ።
ወደብ ስንገባ ወረፋ፤ ወረፋው ሲያልቅ ጭነት፤
ጭነቱ ሲያልቅ ሌሊት።
ሸራ አስሬ፣ ገመድ ወጥሬ፣ ሳይነጋ ሽቅብ መመለስ፤
ረዳቴ ጉግሳ ሮጦ ይነከራል፣ እኔ ጎማ ስዳስስ።
ባሕሩን? በስፖኪዮ ነው ያየሁት፣ ወደ ኋላ ሲያንስ።»

ስንሻው እርሳሱን አስቀመጠ።
ረድኤት ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወለቀች።
«እግርህን እንኳ አልነከርክም?» አለች።
«ጫማ ማውለቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ልጄ።»

ከዚያች ማታ ጀምሮ ዕቅዱ ባለቤት ቀየረ።
«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እንነሣ፤ ሞተር ብርድ ይወዳል፤
ትርፍ ጎማው ይነፋ፤ ውሃ በጀሪካን ይያዛል።»
«ማደያው ሁሉ ውሃ አለው» ስንሻው ይከራከራል፤
«አለው፤ በዚያ ዋጋ ለመኪና ማን ይገዛል?»
ጀሪካኑ ተገዛ። ቢጫ ነው፣ ክዳኑ ያንጠባጥባል።

የውሃ ጫማ ልገዛለት ቁጥሩን ብጠይቀው
እጁን አወናጨፈ።
የፊት ወንበር የኔ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ለቀቅሁ።

ጉዞው ሐሙስ ሌሊት ነው። ዛሬ ገና ማክሰኞ።
ውሃ ልጠጣ ብነሣ የአባባ አልጋ ባዶ።
የመኪናው ቁልፍም ከመስቀያው የለም።
ነጠላ ጫማ አጥልቄ ደረጃውን ወረድሁ፣
ከመብራቱ ሥር የቆመችውን መኪናችንን አየሁ፤
እሱ የፊት ወንበር ላይ ቀበቶውን አስሮ፣
ፎጣውን ጉልበቱ ላይ በወግ አጣጥፎ፣
በእሱ በኩል ያለውን ስፖኪዮ አጥፎ።

«ምን ትሠራለህ?»
«እየለመድኳት ነው» አለ፤ «ዝምተኛ መኪና ናት።»

ከኋላ ገባሁ። የባሮክ አዞ ጎን ተቀመጥሁ፤
አየሩ እኩሌታው ወጥቷል።
በወንበሮቹ መሃል አጎንብሼ አየሁ፦
የጫማው ክር፣ የሁለቱም፣
ተፈቷል።